የረባሾች ዝርዝር

የካቲት 3፣ ሰኞ

ከእንጅባራ በአንድ ሰዓት ሚኒባስ ያዝኩ። ዳንግላ ስደርስ ሁለት ሰዓት አልፏል። ከመናኸሪያው እስከ ትምህርት ቤቱ በጋሪ። ጋሪው ላይ አምስት ሰው፣ አንድ ማዳበሪያ በርበሬ፣ እኔና ሠላሳ ሁለት መጠይቅ። በርበሬው አስነጠሰኝ፤ መንገዱን ሙሉ።

ርዕሰ መምህሩ መሳፍንት መጠይቁን እዚያው እፊቴ ሞላልኝ። “ኦቲዝም ያለባቸው ተማሪዎች ብዛት” ከሚለው ጎን 0 ጻፈ። እስክሪብቶውን ለአፍታ እንኳ ቆም አላደረጋትም። አልፈርድበትም። እኔስ? እንጅባራ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ስድስት ዓመት የስታትስቲክስ ቅጽ ስሞላ የአምናውን እየገለበጥኩ ዜሮ ስጽፍ ነው የኖርኩት። ልዩ ፍላጎት ብዬ ማስተርስ መማር ከጀመርኩ ወዲህ ነው ያ ዜሮ የሚያሳፍረኝ።

የሁለተኛ ለ መምህርት ሽታዬ ግን፣ “ኦቲዝም የሚባል የለኝም። አንዲት ረባሽ አለችኝ እንጂ” አለችኝ። አሳየችኝ። ፋና ትባላለች፤ አሥር ዓመቷ። በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ዴስክ ላይ፣ የእስክሪብቶ ክዳን በጣቷ እያሽከረከረች... ጸጥ ብላ።

“ስምሽ ማን ነው?” አልኳት።

“ስምሽ ማን ነው” አለችኝ። በራሴ ድምፅ። ድካሙ ሳይቀር። እንዲህ ነው እንዴ የምናገረው?

ረባሽ? ይቺ?

በስድስት ሰዓት ወደ እንጅባራ ተመለስኩ። ከሰዓት የእኔ ፈረቃ ነው። ስድሳ ስምንት ልጅ ይጠብቀኛል።

የካቲት 4

አርባ ደብተር አረምኩ። እግሬ አብጧል። ሌላ ምንም።

የካቲት 10፣ ሰኞ

የክፍል ውስጥ ምልከታ። የኋላ ዴስክ ላይ ከሁለት ልጆች ጋር ተጣብቄ ተቀመጥኩ። ደወሉ አሮጌ የመኪና ቸርኬ ነው፤ ባህር ዛፉ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ዘበኛው በፌሮ ይመታዋል። አንድ ጊዜ እንደተመታ ፋና ዴስኩ ስር ነበረች። ጆሮዋን ይዛ፣ የሹራቧን እጅጌ ነክሳ። ጩኸቷ... አልጽፈውም። ልጆቹ ሳቁ። ሁሉም አይደሉም፤ የለመዱትም አሉ፤ እነሱ መጻፋቸውን ቀጠሉ። ለመረጋጋት ሃያ ደቂቃ ፈጀባት። ከዚያ ሁለተኛው ደወል።

የክፍል አለቃዋ እመቤት ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው። ከደብተሯ ቅጠል ቀዳ “ረባሾች” ብላ፣ ቀኑን ጽፋ፣ ስም ደርድራ ለሽታዬ ሰጠች። እኛም በልጅነታችን እንዲሁ ነበርን። አለቃ ይጽፋል፣ የተጻፈ ይንበረከካል። አንደኛ ተራ ቁጥር፦ ፋና።

“ትቀጫታለሽ?” አልኳት ሽታዬን።

“ድሮ አንበረክካት ነበር። አሁን ስሟን አይቼ አልፋለሁ። ምን ላድርጋት? ሰባ አራት ናቸው እኮ ደጊቱ።”

ሰባ አራት ናቸው።

ግን ያለፈው ሰኞ ጸጥ ብላ ነበር። ያኔ ደወል አልተደወለም እንዴ? ተደውሏል መሰለኝ። እንጃ።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

የፋናን እናት አገኘኋት። እታለማሁ ትባላለች። ከጋሪ ማቆሚያው ፊት ለፊት ጌሾ ትሸጣለች። ከደንበኞቿ ጋር በአገውኛና በአማርኛ እያፈራረቀች፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ ብቻ፤ ያውም በእርስዎ።

“ጠበል ሁለት ጊዜ ወስጃታለሁ። ሐኪም ቤትም አድርሻታለሁ። ሁሉም ‘ስታድግ ይተዋታል’ ነው የሚሉኝ። ቤት ሳለች አንድ ቃል አልነበራትም። ትምህርት ቤት ከገባች ነው... አምና የጌሾው ማዳበሪያ ላይ በከሰል ‘ፋና’ ብላ ጻፈችበት። ይኸው ማዳበሪያውን እስካሁን አላጠብኩትም።”

የፈቃድ ቅጹን አነበብኩላት። ስጨርስ፣ “ይሄ ወረቀት ለልጄ ምን ያመጣላታል?” አለችኝ።

“ለጊዜው ምንም። ግን ምንም ጉዳት አያመጣባትም።”

ቅጹም የሚለው እንደዚያ ነው። በአውራ ጣቷ አተመች። ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ጌሾዋን መመዘን ቀጠለች።

የካቲት 19፣ ረቡዕ

መሳፍንት “መጠይቅሽን ብቻ ሞልተሽ አትሂጂ፣ እኛንም አስተምሪን እንጂ” ብሎ ለመምህራኑ ሃያ ደቂቃ ሰጠኝ። ተናገርኩ። ኦቲዝም ምን እንደሆነ፣ ድምፅ እንዴት እንደሚያስጨንቃቸው፣ ክፋት እንዳልሆነ። ሁለት ገጽ ማጠቃለያም ሰጠሁት። የሠለጠነ ባለሙያ፣ ጸጥ ያለ ክፍል፣ ትንሽ የተማሪ ቁጥር ያስፈልጋል፤ ትምህርት ቤቱ በአሁኑ ሰዓት ምንም ዓይነት ድጋፍ የለውም... አብዛኛውን ካነበብኩት መጽሐፍ ነው የገለበጥኩት። ስም አልጠቀስኩም። መጥቀስ ያስፈልግ ነበር? ሁሉም ዞር ብለው ሽታዬን አዩ።

“ታዲያ ፋና ማለት አይደለች እንዴ!” አለ የሒሳብ መምህሩ።

እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። የተማርኩት ነገር አንድ ቀን እንኳ ለሰው ሲገባ! መሳፍንት ያንን ዜሮ ሰርዞ 1 ጻፈ። በዓይኔ በብረቱ አየሁ። በጋሪ ስመለስ ድካሙም አልተሰማኝም።

የካቲት 26

መንገድ ዝግ ነው። ኔትወርክም የለም። ሽሮዬን በልቼ ተኛሁ።

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ

መሳፍንት ደብዳቤ አሳየኝ። ማህተም ያረፈበት። ኮራ ብሎ ነው የሰጠኝ።

“በተደረገው ጥናት መሠረት ተማሪ ፋና ኦቲዝም ያለባት ሆና በመገኘቷ፣ ትምህርት ቤታችንም ባለሙያም ሆነ ተስማሚ ክፍል የሌለው በመሆኑ፣ ወላጅ ልዩ ክፍል ወዳለበት ትምህርት ቤት እንዲወስዷት...”

ልዩ ክፍል ያለበት። የት ነው እሱ? መሳፍንትን ጠየቅሁት። እሱም አያውቀውም። ጉዳዩን መጋቢት 19 ወላጅ መምህር ኅብረት ይወስናል አለ።

“ልጅ አባርሩ ያለህ ማን ነው?” አልኩት። ጮህኩ መሰለኝ፤ ጸሐፊዋ ቀና ብላ አየችኝ።

“ማባረር አይደለም መምህርት ደጊቱ። አንቺው ነሽ የነገርሽን። ሁለት ዓመት ሙሉ ረባሽ ናት ብለን ችለናት ኖርን። እንዲህ ያለ ነገር መሆኑን ካወቅን በኋላ ዝም ብለን ብናስቀምጣት፣ ደግሞ አንድ ነገር ብትሆን፣ ማን ይጠየቃል? እኔ እኮ ላግዛት ብዬ ነው።”

ክፉ ሰው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። የእኔን ሁለት ገጽ ከደብዳቤው ጋር በስቴፕለር አያይዞታል።

ረባሽ ሳለች ቦታ ነበራት። እኔ መጥቼ ስም አወጣሁላት፤ ቦታዋን አሳጣኋት።

መጋቢት 3

ለአማካሪዬ ለዶክተር ኪዳኑ ደወልኩ። ነገርኩት።

“ጥሩ ግኝት ነው። ምዕራፍ አራት ላይ አስገቢው” አለ።

“ልጅቷስ?”

“ደጊቱ፣ አጥኚ ነሽ፤ ጠበቃ አይደለሽም። ጣልቃ ከገባሽ መረጃሽ ይበላሻል። ለሰኔ ምርቃት ስንት ወር ቀረሽ? ሦስት?”

ሦስት። እናቴ የምርቃት ቀሚሴን ጥለቱን ራሷ መርጣ፣ አስፍታ ጨርሳለች። ለጎረቤትም አሳይታለች። እሺ አልኩ? እሺ ያልኩ ይመስለኛል።

መጋቢት 5፣ ዓርብ

መናኸሪያው ላይ እታለማሁ ቆማ ጠበቀችኝ። ደብዳቤውን በላስቲክ ጠቅልላ ይዛዋለች። ማንበብ አትችልም፤ ሰው አንብቦላታል።

“ጉዳት የለውም አላልሽኝም?”

እርስዎ ማለቷን ትታለች።

“ብያለሁ።”

“ጣቴን የሰጠሁሽ እኮ አንቺን አምኜ ነው። ማንበብ ስለማልችል፣ አንቺን።”

ሚኒባሱ ጥሩምባውን ነፋ። ረዳቱ “እንጅባራ አንድ ሰው! እንጅባራ አንድ ሰው!” ይላል። ገባሁ። ምን ልበላት? ብዬ ነው የገባሁት። አይደለም፤ ሸሽቼ ነው። ትቻት ገባሁ። በመስኮት ሳያት ደብዳቤውን መልሳ በላስቲኩ እየጠቀለለችው ነበር፤ ዝናብ እንዳይነካው እንደሚጠነቀቅ ሰው።

መጋቢት 8፣ ሰኞ

ሽታዬ አንድ የጠመኔ ካርቶን ሰጠችኝ። ውስጡ ከመስከረም ጀምሮ ያሉት የረባሾች ዝርዝሮች፤ እመቤት ቀን እየጻፈችባቸው። መሳፍንት ለስብሰባው ማስረጃ ፈልጓል።

“ቁጥር አንቺ ትችይበታለሽ፤ ፋና ስንት ጊዜ እንደረበሸች ቆጥረሽ አምጭልን ብሏል” አለችኝ። አይኔን ሳታይ ነው የተናገረችው።

ይኸው! ገመዱን ራሴ አቀበልኩ፣ አሁን ደግሞ ቋጠሮውን አጥብቂ ተባልኩ። አልቆጥርም ማለት ነበረብኝ። እምቢ ማለትም ጉልበት ይጠይቃል። ካርቶኑን ታቅፌ ወጣሁ።

መጋቢት 14፣ እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ካርቶኑን ወለሉ ላይ ዘረገፍኩት። የሒሳብ ደብተር ቅጠል፣ የስዕል ደብተር ቅጠል፣ አንዱ የቆርቆሮ ሱቅ ደረሰኝ ጀርባ። መቶ ሁለት ወረቀት። የፋና ስም ያለበት አርባ ሰባት።

አርባ ሰባት። ጨረስኩ። እዚህ ላይ ላቆም ነበር። ግን ወረቀቶቹ ተደባልቀው ስለነበር በየቀናቸው ልደርድራቸው ብዬ ነው...

አንድ ሳምንት አለች። ሰኞም ማክሰኞም፣ እስከ ዓርብ። የሚቀጥለው ሳምንት የለችም። ጭራሽ። ከዚያ አለች። ከዚያ የለችም። ወደ ኋላ እስከ መስከረም ድረስ እንዲሁ።

ይሄ ምንድን ነው?

ፈረቃ? አይ፣ ሁለተኛ ክፍል ዓመቱን ሙሉ ጠዋት ነው። ሽታዬ? በየቀኑ አለች። የእናቷ ገበያ? እሱም በየሳምንቱ ነው። እዚያ ግቢ ውስጥ ሳምንት እየጠበቀ የሚለዋወጥ ምን አለ? ይህንኑ ደብተር መለስ ብዬ አነበብኩ። የካቲት 3፣ ጸጥ ብላ። የካቲት 10፣ ዴስክ ስር። እኔም ሳላውቀው ጽፌዋለሁ። ሻይ አፍልቼ ነበር፤ ቀዘቀዘብኝ።

መጋቢት 15፣ ሰኞ

ዘበኞቹ ናቸው!

ጋሪው ላይ ሆኜ ነው ብልጭ ያለልኝ። ሁለት ዘበኞች አሉ፤ አንዱ ሳምንቱን ቀን ይጠብቃል፣ ሌላው ሌሊት፤ ከዚያ ይለዋወጣሉ። ደወሉን የሚመታው የቀኑ ተረኛ ነው። በዚህ ሳምንት ቀን ያለው አያ አበረ ነው፤ ሽማግሌው። ባለፈው ሳምንት በዛብህ ነበር።

ክፍል አልገባሁም። ባህር ዛፉ አጠገብ ቆሜ ጠበቅሁ። ሰዓቱ ሲደርስ አያ አበረ ፌሮውን ያዘ፤ ግን ወደ ቸርኬው አልሄደም። የሁለተኛ ለ መስኮት ፊት ለፊት ሄዶ ቆመና ፌሮውን ከራሱ በላይ አነሳው። ጠበቀ። እኔም ጠበቅሁ። ከመስኮቱ አንዲት ትንሽ እጅ ወጣች። ተመለሰች። ያኔ ነው አሥር እርምጃ ያህል ተራምዶ ቸርኬውን የመታው። ሮጬ በመስኮቱ አየሁ። ፋና ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ቁጭ ብላለች። ዴስኩ ላይ። ደወሉ ሲያልቅ እጇን አውርዳ የእስክሪብቶ ክዳኗን አነሳች።

“አያ አበረ፣ ምን እያደረጉ ነው?”

“ደወል ነዋ።”

“ከደወሉ በፊት።”

“እ፣ እሱን ነው? ለልጅቱ እያሳየኋት ነው። እኔ ዘበኛ ሳልሆን አሥራ አንድ ዓመት ጋሪ ነድቻለሁ። ፈረስ ድምፅህን ሳታሰማ ከኋላው ብትመጣበት ይራገጣል። ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ደንግጦ ነው። ቀድመህ ከነገርኸው ቆሞ ይጠብቅሃል። ሰው ከፈረስ ያንሳል እንዴ?”

“ከመቼ ጀምሮ ነው?”

“ካምናው ጥምቀት ወዲህ ይሆናል።”

“ታዲያ ለምን ለማንም አልነገሩም?”

“ማን ጠየቀኝ?”

ማን ጠየቀው። ለርዕሰ መምህር መጠይቅ አለኝ። ለመምህር አለኝ። ለወላጅ አለኝ። ሠላሳ ሁለት መጠይቅ ታቅፌ የመጣሁ ቀን በሩን የከፈተልኝ እሱ ነበር።

“ምንም ዓይነት ድጋፍ የለውም።” ብዬ ጽፌያለሁ። በኮምፒውተር። አስምሬበት።

መጋቢት 16

ዶክተር ኪዳኑ፣ በስልክ፦ “ዘበኛ ናሙናሽ ውስጥ የለም።”

“ቢጨመርስ?”

“ፕሮፖዛሉ ይቀየራል። ፈቃዱም እንደገና። ስብሰባው ላይ ገብተሽ ከተናገርሽ ደግሞ የዳንግላው መረጃ በሙሉ ይወድቃል፤ ያጠናሽውን ነገር ራስሽ ቀየርሽው ማለት ነው። ዘንድሮ አትመረቂም። ለከርሞ ነሽ።” በቁጣ አልነበረም። እሱም ደክሞታል መሰለኝ። “አስቢበት” ብሎ ዘጋው።

ላስብ። አርባ አንድ ዓመቴ ነው። ጠዋት ዳንግላ፣ ከሰዓት እንጅባራ፣ ማታ ደብተር። ይቺን ወረቀት ልጨርስና ልረፍ ነበር ምኞቴ። ስለ ልጆቹ አይደለም፣ ስለ እውቀትም አይደለም። ልረፍ። አሁንም የምፈልገው ማረፍ ነው። እዚህ ደብተር ላይ እንኳ አልዋሽም።

መጋቢት 17

ይሄነው የሚባል ተማሪ ነበረኝ። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት። ደወል በተደወለ ቁጥር ከክፍል ሮጦ ይወጣ ነበር። አንበረከክሁት። ደገመ፤ ደገምኩት። በሦስተኛው ወር ቀረ። ስም መጥሪያው ላይ “አቋረጠ” ብዬ ጻፍኩ። ቤቱ የት እንደሆነ እንኳ አልጠየቅሁም።

ዛሬ ቀኑን ሙሉ የእታለማሁ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ነው። ጉዳት የለውም አላልሽኝም...

መጋቢት 19፣ ዓርብ

ስብሰባው። ስድስት የኅብረቱ አባላት፣ መሳፍንት፣ ሽታዬ። እታለማሁ በሩ አጠገብ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። ሰብሳቢው አቶ አዝመራው ከዘራቸውን ጠረጴዛው ላይ አጋድመዋል።

“መምህርት ደጊቱ የቆጠርሽውን ንገሪና” አለ መሳፍንት።

“አርባ ሰባት ጊዜ” አልኩ።

ተጉረመረሙ። እታለማሁ አቀረቀረች።

ከዚያ ወረቀቶቹን በየሳምንታቸው ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ። የአያ አበረ ሳምንት፣ የለችም። የበዛብህ ሳምንት፣ አለች። የአበረ፣ የለችም። ሁለት ጊዜ ተሳስቼ እንደገና ደረደርኩ። ሃያ ዓመት ሰው ፊት ቆሜ ያስተማርኩ ሴትዮ! ያየሁትን ነገርኳቸው። ፌሮውን፣ መስኮቱን፣ እጇን።

“እና ዘበኛ ሊያስተምረን ነው?” አለ አንዱ። ተሳቀ።

አቶ አዝመራው አያ አበረን አስጠሩት። ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። የፈረሱን ነገር ተናገረ፤ ለእኔ እንደነገረኝ፣ አንድ ቃል ሳይጨምር። አሁን የሳቀ የለም። ግማሾቹ ባለፈረስ ናቸው፤ ነገሩ ገብቷቸዋል።

በዛብህ ተራውን ሊረከብ መጥቶ ከውጭ ይሰማ ነበርና ገባ። “እና ጥፋተኛው እኔ ነኛ! እኔ የታዘዝኩት ሰዓቱን ጠብቄ እንድመታ ነው። በሰዓቱ ሳልመታ የቀረሁበት ቀን ካለ ይነገረኝ!” እውነቱን ነው። ማን ነገረው? ይቅርታ ጠየቅሁት። አልተቀበለኝም።

አቶ አዝመራው ከዘራቸውን አነሱ። “እስከ ፋሲካ ይታይ። ሁለቱም ልክ እንደ አበረ ያድርጉ። ስሟ ከዝርዝሩ ከጠፋ ልጅቱ ትቆያለች። ካልጠፋ ደብዳቤው ይጸናል።”

መሳፍንት ወደ እኔ ዞረ። “የአንቺስ ጽሑፍ? ከደብዳቤው ጋር ተያይዟል እኮ።”

“እሽረዋለሁ።”

ወረቀት ሰጠኝ። ጻፍኩ፦ “ትምህርት ቤቱ ድጋፍ የለውም ማለቴ ስህተት ነው። ድጋፍ አለ። ሳልጠይቅ ነው የጻፍኩት።” ፈረምኩ። ምርቃቴም በዚያው ፊርማ ሄደ። አዝናለሁ ብዬ የፈራሁትን ያህል አላዘንኩም። ወይ ገና አልተሰማኝ ይሆናል።

እታለማሁ ስንወጣ ከኋላዬ እስከ ጋሪው ድረስ መጣች።

መጋቢት 22፣ ሰኞ

የበዛብህ ሳምንት፣ የመጀመሪያው ቀን። ፌሮውን አነሳ፤ የሁለተኛ ሀ መስኮት ፊት ለፊት! የሁለተኛ ሀ ልጆች በሙሉ እጃቸውን በመስኮት አውጥተው አውለበለቡለት። እሱም ደስ ብሎት ሄዶ መታው። ፋና ዴስክ ስር። እመቤት ጻፈች።

ሳቅሁ። ከዚያ ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ።

መጋቢት 23

ሽታዬ ደወለች። ዛሬ መስኮቱን አግኝቶታል። ግን አነሳና ወዲያው ሄዶ መታ፤ አልጠበቀም። ተጻፈች።

መጋቢት 24፣ ረቡዕ

አያ አበረ ሌሊቱን ሲጠብቅ አድሮ ሊተኛ ወደ ቤቱ አልሄደም አሉ። ከበዛብህ ጎን ቆሞ፣ “እጇን እስክታወጣ ነው። አትቸኩል። ቸርኬው የትም አይሄድ” ሲለው ሽታዬ ሰምታለች።

“የዛሬውን ዝርዝር ላንብብልሽ?” አለችኝ በስልክ። አራት ስም አነበበች።

“ደግመሽ አንብቢልኝ” አልኳት።

አራቱን ስም ደግማ አነበበችልኝ።

መጋቢት 30

ዛሬ ምንም። እንቅልፍ።

ሚያዝያ 21፣ ማክሰኞ

በአንድ ቀን ሁለት ወረቀት። የኅብረቱ ቃለ ጉባኤ፦ ፋና ትቆያለች። የዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ፦ ጥናቴ ወደሚቀጥለው ዓመት ተላልፏል።

እናቴ ቀሚሱን አጣጥፋ ሻንጣ ውስጥ ከተተችው። “ብል እንዳይበላው” አለች። ይበልጥ ያመመኝ እሱ ነው። ጎረቤት ቢጠይቃት ምን ትል ይሆን?

ተጸጸትኩ? ዛሬ አዎ። ለሁለት ሰዓት ያህል በደንብ ተጸጸትኩ።

ግንቦት 14፣ ሐሙስ

አዲሱን መጠይቅ አዘጋጀሁ። ዘበኛ፣ ጽዳት ሠራተኛ፣ የክፍል አለቃም ሳትቀር። መጨረሻው ላይ አንድ ባዶ መስመር አለው፦ “ያልጠየቅነው፣ ግን የሚያውቅ ሰው አለ? ማን?” ዶክተር ኪዳኑ “ይሄ አጠያየቅ አይሆንም” ብሎ አጠፋው። በሁለተኛው ቀን ደወለ። “ተይው፣ ይኑር” አለ።

ዳንግላ ሄጄ እታለማሁን እንደገና ፈቃድ ጠየቅኋት። ቅጹን አነበብኩላት።

“ጉዳት የለውም?” አለችኝ።

“አላውቅም” አልኳት። “እንዳይኖረው እጠብቃለሁ።”

አሰበች። አንድ ደንበኛ መጣ፤ ጌሾውን መዝና ሸኘችው። ከዚያ ጣቷን ቀለሙ ላይ አድርጋ አተመች። እርስዎም አላለችኝ፣ መምህርትም አላለችኝ። “በይ ደጊቱ፣ ሂጂ፤ ሚኒባስ ያመልጥሻል” አለችኝ።

ፋናን በር ላይ አገኘኋት። “ስምሽ ማን ነው” አለችኝ። ጠይቃኝ ይሁን የየካቲቱን እየደገመችልኝ ይሁን አልለየሁትም። “ደጊቱ” ብዬ መለስኩላት።

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ

ዝናብ። ጋሪው ጭቃ ውስጥ ገብቶ ወርደን ገፋን። ጫማዬ አበቃለት።

ትናንት ዩኒቨርሲቲው የተመራቂዎችን ዝርዝር ለጥፎ ነበር። አላየሁም ብል ውሸት ነው። ጃንጥላዬን ይዤ ሄድኩ፤ ስሜ እንደሌለበት እያወቅሁ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት።

ዛሬ አያ አበረም በዛብህም የሉም። በዛብህ አማቱ ሞተውበት ለቅሶ ነው፤ አያ አበረም አብሮት ሄዷል። መሳፍንት ከቢሮው ብቅ ብሎ፣ “ደወሉን አንቺ ምቺልን። ትችይበታለሽ” አለኝ።

ፌሮው ከባድ ነው። እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር። መስኮቱ ፊት ለፊት ቆምኩ፤ ከራሴ በላይ አነሳሁት። ዝናቡ በክንዴ ወደ ብብቴ ይገባል። ጠበቅሁ። ምንም የለም። እኔን አልለመደችኝ ይሆን? በዝናቡ አላየችኝ ይሆን? እጄ ዛለ። ከቢሮው በር መሳፍንት ሰዓቱን ያያል። አልፏል፤ አንድ ደቂቃ፣ ሁለት... ሃያ ዓመት በደወል ገብቼ በደወል ወጥቻለሁ፤ አንድም ቀን ደወልን አስጠብቄ አላውቅም።

እጇ ወጣች።

ሄጄ መታሁት።

ልጆቹ ሲወጡ እመቤት ወረቀቷን ለሽታዬ ልትሰጥ ስትል ለምኜ ተቀበልኳት። “ረባሾች፣ ሰኔ 10።” አምስት ስም። ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፣ እንደ ትናንቱ። ፋና የለችበትም።

እንግዲህ ዘንድሮ ሁለታችንም ዝርዝር ውስጥ የለንም።